አንድ መዝጊያ ለሦስት ደጃፍ

እኛ የምንኖርበትን አገር የፈጠረው አምላክ ሥራውን ሳይጨርስ የደከመው ይመስለኛል። ውሃ ሰጠን፣ ጭቃ ሰጠን፣ ሸምበቆ ሰጠን፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ሄደ። ድንጋይ የለም። ደህና እንጨት የለም። የተምር ግንድ አለ እንዳይባል፣ ሲጠርቡት እንደ አሮጌ ገመድ ይተረተራል። ስለዚህ ሁሉ ነገራችን ጭቃ ነው። ቤታችን ጭቃ፣ እንስራችን ጭቃ፣ የምናጭድበት ማጭድ እንኳ በእሳት የተተኮሰ ጭቃ ነው። ግማሽ ማሳ ሳይሄዱበት እጅ ላይ ይሰበራል። «ዚሌ፣ ሌላ ማጭድ!» እያልኩ ስጮህ ነው መከሩ የሚያልቀው።

ወንዙ ደግሞ ያው የፈጣሪው ልጅ ነው። ገብስ ስንዘራ ውሃ የሚመጣልን በልመና ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ስናነሳ ግን ማን ጠራህ ሳይባል ከተፍ ይላል። በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ ስለሚቀልጥ ነው ይላሉ ጀልበኞች። ይቅለጥ፣ እኔ አልከለከልኩም፤ ግን አንድ ወር ዘግይቶ ቢቀልጥ ምን ነበረበት? በዚያ ላይ በየዓመቱ ደለሉን ከሥሩ እያነጠፈ ራሱን ከፍ ስላደረገ፣ ዛሬ ወንዙ የሚሄደው ከማሳችን በላይ ነው። ጀልባ ሲያልፍ ቀና ብለን ነው የምናየው። ከዚህ ሁሉ ውሃ የሚያድነን አንድ ቀዳዳ ነው፣ የቦያችን አፍ። በዘር ጊዜ ይከፈታል፣ በመከር ጊዜ ይዘጋል። ካልተዘጋ ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት ገብስ ዓሣ ይዋኝበታል።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ወንዙ ለማማረር ብቻ አይደለም። ስለ መዝጊያዬ ነው።

በመንደራችን የእንጨት መዝጊያ ያለው ቤት የእኔ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ደጃፉ ላይ ሰሌን ያንጠለጥላል፤ ደህና ኑሮ ያለው ሸምበቆ አስሮ በቅጥራን ይለቀልቃል። የእኔን ያመጣው ባሌ ኡርጉላ ነው። ጀልባ ጎታች ነበር። ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ ራሱ ይወስዳቸዋል፤ ሽቅብ ሲመለሱ ግን ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው በዳር በዳር ይጎትታሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎትቶ፣ ትከሻው እንደ ግመል ተረከዝ ደርቆ፣ ሦስት የዝግባ ሳንቃ ይዞ መጣ። ሳንቃዎቹን አጋጥሞ መዝጊያ ሠራ። የሰቀለው ቀን ስድስት ዓመቷ የነበረችውን ልጃችንን ዚሌን መዝጊያው ላይ አስደግፎ አቆማትና ከአናቷ ላይ በቢላ መስመር ጫረ። «በየዓመቱ እንጭራለን» አለ። በዓመቱ ሁለተኛውን ጫረ። ሦስተኛው ሳይደርስ ትኩሳት ወሰደው። እኔ ልቀጥል ብዬ ቢላ ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲቀይር ግድግዳውን ትቶ መዝጊያውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ግድግዳ ጭቃ ነው፣ የትም ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ሲጣሉ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በልኩ ገጥሞ የተሰቀለው መዝጊያ የማን ነው? መዝጊያው የእሱ ከሆነ ቤቱም የእሱ ነው። አለቀ፣ ሌላ ምስክር አይጠራም። የቦያችን አለቃ ኡርሳግ የገዛ ወንድሙን ቤት የወሰደው በዚሁ ነው። ቤቱ ጣሪያው ወድቆ ባዶውን ቆሞ ሳለ፣ በቅጥራን የተለቀለቀ የሸምበቆ መዝጊያውን አምጥቶ ገጠመበትና «የእኔ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱለት። ወንድሙ እስከ ዛሬ አያነጋግረውም።

እንግዲህ ይህ ኡርሳግ ነው ያቃጠለኝ። የቦይ አለቃ ሥራው ደለል ማስጠረግ፣ የቦዩን አፍ መክፈትና መዝጋት ነው። እሱ ግን ሥራዬ መፍጠር ነው ይላል። አንድ ጊዜ ሞፈር ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር አስሮ፣ በሬዎቹ ሲያርሱ ዘሩ አብሮ ትልሙ ውስጥ እንዲወርድ አደረገ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ነው፣ ዘር አይባክንም። ግን ያ አንዱ ተሳካለትና ከዚያ ወዲህ የሚችለው ጠፋ። በማግስቱ ዓመት ደለል ጭነን በጭቃ ላይ በምንጎትተው መንሸራተቻ ሥር አራት መንኮራኩር ገጠመ። ጭቃው ከነመንኮራኩሩ ዋጠው። እስካሁን እዚያው ነው፤ ዳክዬ እንቁላሏን ትጥልበታለች።

ይህ ሰው ሦስት ዓመት በተከታታይ ጎርፍ በመጣ ቁጥር «ለአንድ ቀን ብቻ» እያለ መዝጊያዬን ወስዷል። የቦዩን አፍ ከሚዘጋበት የሸምበቆ እስር ኋላ ድጋፍ ያደርገዋል። አንዴ ማዕዘኑ ተላልጦ መጣ። አንዴ ቀንድ አውጣ ተጣብቆበት መጣ። ባለፈው ዓመት በጭራሽ አላመጡትም፤ ራሴ ሄጄ ከጭቃ ውስጥ ፈልቅቄ ነው ያወጣሁት። ያን ቀን በውሃ አምላክ በእንኪ ስም ምዬ ተናገርኩ፤ ከእንግዲህ ይህ መዝጊያ ከቤቴ የሚወጣው ዚሌ ስታገባ ብቻ ነው።

ዚሌ ደግሞ ልታገባ ነው። ልጁ ሉባዩ ይባላል፣ ጡብ መቺ ነው። ጎበዝ፣ ጭምት፣ ካልጠየቁት የማይናገር። እናቱ ገመኡቱ ግን የእሱን ድርሻ ጭምር ትናገራለች። ለሙሽሮቹ አዲስ ክፍል አሠርታ፣ ደጃፉን በእኔ መዝጊያ ልክ አስከፍታ፣ ፊት ለፊት ነገረችኝ። «እህት ዓለም፣ እኔ እቃ አልጠይቅም። መዝጊያዋን ይዛ ትምጣ። ያለ መዝጊያ ግን ሠርግ የለም።» ልጄ ልጇን ትወደዋለች። ስሙ ሲነሳ እጇ ላይ ያለውን ነገር ትጥላለች። ስንት እንስራ ሰብራብኛለች መሰላችሁ። እሺ አልኩ። ሠርጉ መከሩ ባለቀ በአሥረኛው ቀን ሊሆን ተቆረጠ።

ከዚያ ኡርሳግ ጤናዬን ሊጠይቅ መጣ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ባሌ ሲሞት እንኳ ሦስት ቀን ዘግይቶ የመጣ ሰው! እጁ ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዟል። መዝጊያዬን ተደግፎ ስለ ጉልበቴ ጠየቀ፣ ስለ ፍየሎቼ ጠየቀ፣ ሲጠይቅ ገመዱን ወዲህ ይዘረጋል ወዲያ ይዘረጋል። እኔ ሞኟ ጠላ ቀድቼለት መምጠጫ ሸምበቆውን በእጄ አቀበልኩት።

ወንዙ የጨመረው ታችኛው ማሳ ላይ አጨዳ በጀመርን በሦስተኛው ቀን ነው። ቤት ማጭድ ላመጣ ተመልሼ ሳለ ኡርሳግ ስድስት ሰው አስከትሎ እያለከለከ ደረሰ።

«እህቴ ኒንኡማ፣ እንደምን አደርሽ?»

«መዝጊያዬን አታገኝም።»

«ኧረ ገና ሰላምታዬን አልጨረስኩም!»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

«ወንዙ እኮ ከትናንት ወዲህ አንድ ክንድ ሙሉ ነው የጨመረው። በቦዩ በኩል መግባት ጀምሯል።»

«ዝጋዋ! የቦይ አለቃ አይደለህ? በሸምበቆ ዝጋ፣ በጭቃ ዝጋ። ሲያቅትህ ምላስህን ክተትበት፣ እሱ ይበቃል።»

ከስድስቱ አንዱ ሳቀ። ኡርሳግ ገላመጠውና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዘንድሮ እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ የቦይ አፍ ሠርቻለሁ፣ በተተኮሰ ጡብና በቅጥራን። ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ ሸምበቆ አይይዝም። በግራና በቀኝ ጎድጎድ ያለ መስመር አለው፤ መዝጊያ ከላይ ይገባና ቁልቁል ይወርድበታል። በልኩ የሆነ መዝጊያ ነው የሚፈልገው።»

«በማን ልክ?»

ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ስድስቱም ሰዎች መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ገመዱ ትዝ አለኝ። ጠላው ትዝ አለኝ።

«አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ ቀዳዳ ትሠራና ከዚያ መድፈኛውን ሰው ቤት ትፈልጋለህ? ቂጣው ሳይጋገር አፍህን ከፍተህ ትቀመጣለህ?»

«ሌላ መዝጊያ በመንደሩ የለማ! በምን ልለካው?»

ይህን ስንባባል ገመኡቱ አህያ እየነዳች፣ ሉባዩን ከኋላዋ አስከትላ መጣች። ወሬው ደርሷት ኖሯል።

«እህት ዓለም፣ የልጆቹን መዝጊያ ዛሬውኑ ልውሰደው። እነዚህ አፈር ቆፋሪዎች ሳያበላሹብኝ።»

«ሠርጉ እኮ ገና ነው» አልኳት።

«መዝጊያ አስቀድሞ ቢመጣ ምን ይጎዳል?»

ኡርሳግ ዘሎ መዝጊያውን በአንድ ወገን ያዘ። ገመኡቱ በሌላው ያዘች። እኔ መሐል ቆምኩ። ድንገት አንድ ነገር መጣልኝና ወደ ሉባዩ ዞርኩ።

«አንተ፣ የቦዩን አፍ ጡብ የመታው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በምን ልክ?»

«አያ ኡርሳግ በሰጠኝ ገመድ።»

«የእናትህንስ ደጃፍ?»

«እናቴ በሰጠችኝ ገመድ።» ትንሽ አሰበ። «ሁለቱ ገመዶች እኩል ናቸው።»

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም!»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

ጉድ እኮ ነው። ሦስት ደጃፍ፣ የእኔ፣ የገመኡቱና የወንዙ፣ ሁሉም አንድ መዝጊያ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱም ካልጠየቁት አይናገርም። ልጄን የምሰጠው ለዚህ ሰው ነው።

ዚሌ ከታችኛው ማሳ እየሮጠች መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች፣ እጇ ላይ የተሰበረ ማጭድ።

«እማ፣ ውሃው ማሳ ገብቷል! የመጨረሻው ረድፍ እየራሰ ነው።»

«የማን ረድፍ?» አለች ገመኡቱ።

«የእርስዎ።»

ገመኡቱ መዝጊያውን ለቀቀችው። «እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ! ተሸከሙት እንጂ! ይህን ሁሉ ወንድ ምን ይገትረዋል? ግን እንዳይጫር!»

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ጀርባዬ መዝጊያው ላይ ነበር፤ የኡርጉላን መስመሮች በጣቴ እዳስሳለሁ። ከሄደ እንደማይመለስ አውቄዋለሁ። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ነው ጎድሎ የመጣው። ካልተመለሰ ደግሞ ያችን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ሠርጉን በአፏ ታፈርሰዋለች።

«ካልተመለሰስ?» አልኩ ለዚሌ።

«ገብሱ ከሄደ የሠርጌን ጠላ ከምን ትጠምቂዋለሽ፣ ከዝግባ?»

ስትናገር ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ግን አልሆነላትም። ይህች ልጅ መዝጊያው ምን ማለት እንደሆነ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። እሷ ናት የምታጣው። እያወቀች ስጪ አለችኝ።

ማንም እንዲነካው አልፈለግኩም። ራሴ ከሚዞርበት የጡብ ጉድጓድ ነቅዬ፣ ከዚሌ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘን ወደ ወንዙ ወጣን። ኡርሳግ ከኋላዬ «ቀስ! ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል። ቦዩ አፍ ላይ ስንደርስ ውሃው እየተንደቀደቀ ይገባ ነበር። መዝጊያውን አቁመን፣ መስመሮቹ ያሉበትን ፊት ወደ ወንዙ አድርገን፣ ከላይ ጎድጓዳው ውስጥ ከተትነው። ተንሸራቶ ወረደና ታች ድም ብሎ ቆመ። ውሃው ቀጥ አለ።

ገጠመ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ኡርሳግ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «በልኩ!» አለ። ወንዙ ውስጥ ልገፈትረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወንዙ ዘጠኝ ቀን ጨመረ። መዝጊያው ያዘ። ገብሳችንን እስከ መጨረሻዋ ዘለላ አጨድን፣ የገመኡቱን ጨምሮ። በአሥረኛው ቀን ውሃው መጉደል ሲጀምር መዝጊያዬን ላወጣ ሄድኩ። አልወጣም። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ በጡቦቹ መሐል እንደ ሽብልቅ ተጣብቋል። በገመድ ሳብነው። በሁለት አህያ ሳብነው። ኡርሳግ አዲስ ነገር ፈጠርኩ ብሎ አንድ ጋን የሰሊጥ ዘይት ጎድጓዳው ውስጥ ደፋበት። ዘይቱ የእኔ ነበር። በበጋ ሲደርቅ ይወጣል አለ ሉባዩ፣ አንድ ሰው ስለጠየቀው።

ሠርጉ ግን በጋን አይጠብቅም። ቀኑ ደረሰና ገመኡቱ ቦዩ አፍ ድረስ መጥታ፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገረች።

«እኔ ቃሌ አንድ ነው። ባዶዋን የመጣች ሙሽራ ቤቴ አትገባም።»

«ገብስሽን ያዳነው እኮ ይኸው መዝጊያ ነው!»

«ገብስ ሌላ፣ ሠርግ ሌላ።»

ሉባዩ «እማ…» ብሎ ጀመረ። እናቱ አንዴ ስታየው ዋጠው። ዚሌን ፈለግኩ። ከሴቶቹ ኋላ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ልጄ አታለቅስም። ስታለቅስ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አባቷን የቀበርን ቀን ነው።

«ኡርሳግ!» ብዬ ጮህኩ። «ና ወዲህ! ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ምን ነው የሠራኸው?»

«ለወንዙ ደጃፍ ነዋ።»

«መዝጊያው በልኩ ገጥሟል?»

«በልኩ! ፀጉር አያስገባም።»

«በልኩ የተሰቀለው መዝጊያ የማን ነው?»

ዞሮ መዝጊያውን አየ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ይህ… ይህ እኮ ቤት አይደለም» አለ ኡርሳግ። «ጣሪያ የለውም።»

«የእኔም ቤት ጣሪያ አልነበረውም!» አለ ከሰው መሐል አንድ ድምፅ። ወንድሙ ነበር። «ይህ ፍርድ ከፈረሰ የእኔም ይፍረስና ቤቴን መልስልኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እየተራገሙ፣ ሌላ መውጫ እየፈለጉ ቆዩና መውጫ አጡ። የቦዩ አፍ የመዝጊያው ባለቤት ንብረት ነው። መዝጊያው የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ለልጄ ሰጥቻለሁ። መንደሩ ውሃ ሲፈልግ የሚጠይቀው ዚሌን ነው።

ከሁሉም ቀድማ የገባት ገመኡቱ ናት። አይታችኋት ቢሆን! የራሷን ነጠላ አውልቃ የዚሌ ራስ ላይ ጣል አደረገች።

«ልጄን! ፀሐይ ላይ ምን ያቆማታል? ሉባዩ፣ ውሃ አምጣላት! ምን ትገተራለህ?»

ሠርጉ በዚያው ቀን ሆነ። ሙሽራ ከመዝጊያዋ ጋር ነውና የምትሸኘው፣ ከበሮው የተመታው ቦዩ ዳር ጭቃ ላይ ነው። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር። ኡርሳግ ሰክሮ «ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር።

በበጋ እንጨቱ ደርቆ ላላ። የዘር ሰሞን ኡርሳግ ገመኡቱ ቤት ሄዶ፣ ደጅ ቆሞ፣ «እመቤት ዚሌ፣ ፈቃድሽ ቢሆን ቦዩን ብንከፍት» አለ። ሄዳ በእጇ ከፈተችለት። መዝጊያውን ወደ አዲሱ ክፍል ልትወስደው ትችል ነበር። አልወሰደችውም፤ ጎርፉ ሳይመጣ መልሳ ከተተችው። አዲሱ ክፍል ላይ ሰሌን ተንጠልጥሏል። የእኔም ቤት ላይ ሰሌን ተንጠልጥሏል። ፍየሎቹ እንደ ልባቸው ይገባሉ፣ ነፋሱም ይገባል፣ ዚሌ ግን በየቀኑ አትገባም። ቤቱ ባዶ ነው። ናፈቀችኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ዘንድሮም ወንዙ በመከር መጣ፤ መቼ ሊማር። ማሳ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳጭድ ከቦዩ ዳር አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ተቀብሎ ለታችኛው ማሳ ያሳልፋል። «ውሃው ትንሿ ዚሌ ጋ ደረሰ!» ትንሿ ዚሌ ማለት የታችኛው መስመር ነው። እሱ ጋ ሲደርስ አጨዳውን ያፋጥናሉ። «ትልቋ ዚሌ ጋ ደረሰ!» ሲባል ሁሉም ማጭዱን ጥሎ ግድቡን ሊያጠናክር ይሮጣል። ኡርሳግ መስመሮቹን እኔ ነኝ ያሰመርኳቸው ብሎ ለጎረቤት መንደር ሰዎች ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባቷ ነው የጫራቸው፣ ልጁ ምን ያህል እንዳደገች ሊያይ ነው ብዬ ብናገር ሰሚ የለኝም። ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ማጭዴን ይዤ በቦዩ በኩል አልፋለሁ፤ ውሃው ሁለቱን መስመሮች እንዳልሸፈናቸው አያለሁ፤ ከዚያ ወደ ማሳው እወርዳለሁ።